ፖሙን መዝግበን ሰዉን ዘለልን

ባለፈው ጥቅምት ከዋሽንግተን ተነሥተን ቨርጂኒያ ውስጥ ወደሚገኘው ሞንቲቼሎ የሄድነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለታሪክ ጥናት ሳይሆን ፖም ለመብላት ነበር። ሞንቲቼሎ የአሜሪካ 3ኛው ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰን ቤት ነው። ከ1769 እስከ 1814 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከቤቱ በስተደቡብ ባለው ተዳፋት ላይ እስከ 1,031 የሚደርሱ የፍራፍሬ ዛፎች ተተክለው ነበር። ዛሬ የሚታየው አጸድ ግን የጄፈርሰንን መዝገብ በመከተል ከ1981 ጀምሮ እንደገና የተተከለ ነው።

ከተቆራረጠው ሁሉ ቀመስን። ኒውታውን ፒፒን አረንጓዴ ነው፤ ጥርስ ያጠርሳል። ጄፈርሰን በ1785 ከፈረንሳይ ሲጽፍ ፈረንሳዮች ይህን የሚተካከል ፖም የላቸውም ብሎ ኮርቶበታል። ኢሶፐስ ስፒትዘንበርግ ቀይ ሆኖ ቅመም ቅመም ይላል። ሮክስበሪ ራሰት ደግሞ ቆዳው ሻካራ፣ መልኩ ድንች። «ይኼንንማ መርካቶ በነፃ ቢሰጡትም የሚወስደው የለም» አለ አንዱ ጓደኛችን፤ ሳህኑን የጨረሰው ግን እሱ ነው! ታልያፌሮ የሚባለውን አላገኘንም። ጄፈርሰን ለፖም ጠጅ የሚወዳደረው የለም ያለው እሱን ነበር፤ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ዛፍ እንዴት ይጠፋል? የጨንቻ ልጅ የሆነች እኅታችን እንዳስረዳችን ፖም ከፍሬው ቢዘራ እናቱን አይመስልም። ያንኑ ጣዕም ለማግኘት ከዛፉ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ መቀጠል ግድ ነው። እንግዲህ እኛ የበላነው ስፒትዘንበርግ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀጣጠል የመጣ ነው፤ አንድ ትውልድ እጁን ካጠፈ አለቀ።

ታዲያ የማን እጅ? ጄፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። በ1773 ከልጆቿ ጋር የገዛት ኡርሱላ ግሬንጀር ነበረች፤ የፖሙን ጠጅ በጠርሙስ ለመሙላት እምነትና ችሎታን ያጣመረች እሷ ብቻ መሆኗን ራሱ ጽፏል። አትክልተኛው ዎርምሊ ሂዩዝ ነበር። ጌታው በ1826 ሲሞት መቃብሩንም የቆፈረው እሱ ነው። ዎርምሊ ራሱ ተለቀቀ፤ ነገር ግን በጥር 1827 የሟቹን ዕዳ ለመክፈል 130 ሰዎች ለጨረታ ሲቀርቡ ሚስቱና ልጆቹ ተሸጡ። ሚስቱም ኡርሱላ ትባላለች፤ የጠጇ ባለሙያ የልጅ ልጅ ናት።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ያስፈልገናል። ጭሰኛው የተከለውን ባሕር ዛፍ «የባላባቱ ዛፍ» እያልን ያደግን ልጆች ነን፤ ይኼን ነገር አናውቀውም ልንል አንችልም። የእነዚህ ሰዎች ስም በሥፍራው ተጽፎ ይታያል። እኛ ግን አፋችን ሙሉ ስለነበር አለፍነው። በደብተራችን ላይ የሰፈረው የፖሞቹ ስም ብቻ፣ ያውም ከነጣዕማቸው።

ማታ ስንመለስ በመኪናው መብራት «ዎርምሊ ሂዩዝ» ብለን ጻፍን፤ ከሥሩም «ኡርሱላ»። የልጆቻቸውን ስም ልብ ብለን አላነበብንም ነበርና ቦታውን ክፍት ተውነው።