የኮሶ ሻጯ ልጅ

የቋራው ካሳ ኃይሉ ገና በሽፍትነት ሳሉ፣ ባላንጣዎቻቸው ከጦር የከፋ ስድብ ይወረውሩባቸው ነበር፤ «የኮሶ ሻጭ ልጅ!» እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ተቸግረው ኮሶ እየሸጡ አሳደጓቸው ይባላልና። ከባላንጣዎቹ አንዱ ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብለው ፎክረው ዘመቱ፤ ተማርከው ቀሩ። ካሳም እናቴ ሳትሸጠው የተረፈ ነው ብለው ኮሶ አስጠጧቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ሻጯ ትናቅ እንጂ ኮሶው አይናቅም ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ፣ መኳንንቱም ባላገሩም፣ የሆድ ትሉን ለማስወጣት ወር ሁለት ወር እየቆጠረ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ከደጋው ዛፍ የሴቴው ቀላ ያለ አበባ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ተዘፍዝፎ ያድርና ማለዳ በባዶ ሆድ ይጨለጣል። ምሬቱ ያንገሸግሻል። ጠጪው ትሉ እስኪወጣለት እህል ሳይቀምስ ከቤቱ ይውላል፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ከግብዣ ቢቀርም የሚቀየመው የለም። መጠኑን ማወቅ ግን ሙያ ነው፤ ልኩን ያለፈ ኮሶ መርዝ ይሆናል። ሰው ነፍሱን አምኖ የሚጠጣው የሻጯን እጅ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 መጥቶ ጎንደር ሰነበተ፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም ኮሶን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ዛፉን በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። በዓመቱ ጀርመናዊው ግሜሊን በኬኒግስበርጉ ሊቅ በሀገን ስም ቀየረው፤ ዛሬም ሳይንስ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ይለዋል። ቆይቶ የዕፅዋት ሊቁ ኩንት ደግሞ የመድኃኒቱን ፈዋሽነት ቁስጥንጥንያ ላይ ባየው ፈረንሳዊ ሐኪም በብራየር ስም ጠራው። ሦስት አውሮፓውያን በአንድ ዛፍ ታወሱ፤ በየገበያው ቁጭ ብለው አበባውን የሚሰፍሩትን ሴቶች ያስታወሰ አልነበረም።

ካሳ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ ብሪታንያ የመድኃኒቶቿን መጽሐፍ ስታወጣ ያ የእናታቸው ሸቀጥ ተመዝግቦ ተገኘ።

ዛሬ የትል መድኃኒት በእንክብል ይዋጣል፤ የኮሶ ዛፍም ለእንጨቱ ሲባል ከየደጋው እየተመነጠረ ነው። የቀረውን ልንጠብቀው ይገባል፤ ለዘመናት የወገን ጤና የተጠበቀው በእሱ ነውና። የብሪታንያ የመድኃኒት መጽሐፍ አዘጋጆችም የባንክስን፣ የሀገንን፣ የብራየርን ስም ትተው የመድኃኒቱ መጠሪያ አድርገው ያሰፈሩት፣ አንደበታቸው እንደቻለው «ኩሶ» ብለው፣ ሻጮቹ ገበያ ላይ የሚጠሩትን ስም ነበር።