ካሎሪ ሁሉ እኩል ነውን?

የአገራችን ሰው እህሉን በቁናና በጫን ሲለካ ብዙ ዘመን ኖሯል። እህሉ ለሰውነት የሚሰጠውን ኀይል በቍጥር መለካት ግን የቅርብ ጊዜ ዕውቀት ነው። ዛሬ በከተማ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሚውልና ውፍረቱን ለመቀነስ የሚያስብ ሰው፥ ከሻዩ ጋር የቀረበለትን ብስኩት ከመቅመሱ አስቀድሞ በመጠቅለያው ላይ የታተመውን የካሎሪ ቍጥር ያነባል። በዋግ ኽምራ፥ በደሃና ወረዳ፥ ዝናም በቀረበት ዓመት የሚታደለው የርዳታ እህልም የሚሰፈረው በዚሁ በካሎሪ ቍጥር ነው። መለኪያው አንድ ሲሆን ማዕዱ ሁለት ነው፤ አንደኛው የሚያስበው ስለ መቀነስ ነው፥ ሁለተኛው ስለ መትረፍ። ስለዚህ «ካሎሪ ሁሉ እኩል ነውን?» የሚለው ጥያቄ የከተሜ ቅንጦት ብቻ መስሎ እንዳይታየን፥ ታሪኩን ከመነሻው ጀምረን ብንመለከተው የሚበጅ ይመስለናል።

ነገሩ የተጀመረው በእሳትና በበረዶ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1782 እስከ 1783 በነበረው ክረምት፥ ላቯዚዬና ላፕላስ የተባሉት ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት አንዲት ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው፥ ከሰውነቷ የሚወጣው ሙቀት ምን ያህል በረዶ እንደሚያቀልጥ ለኩ። ከዚህም የተነሣ መተንፈስና መንደድ የሚመሳሰሉ ሥራዎች መሆናቸው ታወቀ። በዚያው ምዕተ ዓመት ያልተገኘውን የ«ካሎሪ» ስም ደግሞ ኒኮላ ክሌማን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በ1820ዎቹ አካባቢ ለተማሪዎቹ አስተማረ። ስለ ምግብ ስንናገር ካሎሪ የምንለው አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቀውን ኀይል ነው። በመጨረሻም አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር በ1890ዎቹ ሰዎችን በተዘጋ ክፍል ውስጥ እያኖረ የሚበሉትንና የሚያወጡትን ሙቀት መዝኖ፥ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ስሌት አቆመ፤ ይኸውም አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4፥ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፥ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል የሚለው ነው።

እንግዲህ በእሳት ዘንድ ካሎሪ ሁሉ እኩል ነው። የስኳርም ይሁን የባቄላ፥ የቅቤም ይሁን የገብስ፥ አንዱ ካሎሪ ከሌላው አይበልጥም፥ አያንስምም። ነገር ግን የሰው ሆድ ምድጃ አይደለም። ምድጃ የተሰጠውን ሁሉ ያነዳል፤ ሰውነት ግን ይመርጣል፥ ያከማቻል፥ ያድጋል፥ ይታመማል። አትዋተር የተወልን ቍጥር ትክክል ሆኖ ሳለ፥ ቍጥሩን እንደ ምግብ ሁሉ መመዘኛ አድርገው የያዙት ሰዎች ብዙ ጊዜ የተሳሳቱት ይህን ልዩነት በመዘንጋታቸው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የሕዝባችን አመጋገብ በሰፊው በሳይንስ መንገድ የተመረመረው በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፥ ከአሜሪካ የመጡ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ባካሄዱት ጥናት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ይኸው ክፍል ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። የዚህ መሥሪያ ቤት ታላቅ ፍሬ በየቤቱ የታወቀው ፋፋ ነው። ፋፋን የሠሩት ሰዎች ያሰቡበትን ነገር ልብ ማለት ይገባል። ልጁ ጡት በሚተውበት ጊዜ የሚበላው ቀጭን የእህል ሙቅ ሆዱን ቢሞላውም አያሳድገውም ነበር። ስለዚህ በስንዴው ላይ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት ጨመሩበት፤ ቪታሚንና ማዕድንም አከሉበት። ሐሳባቸው ሆድን ከመሙላት አልፎ የሙሌቱን ዓይነት ማሻሻል ነበር። «ካሎሪ ሁሉ እኩል ነውን?» ለሚለው ጥያቄ በአገራችን ከተሰጡት መልሶች አንዱ እንግዲህ ይህ የፋፋ ዱቄት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከመከራ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ያጠፋው ረኃብ ዋግንና ላስታንም አልማረም። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ደግሞ ከዚያ የከፋ ነበር፤ በጥቅምት ወር ከኮረም የተላለፈው የቴሌቪዥን ሥዕል ዓለምን ሁሉ አስደነገጠ። በዚያ ዘመን በምግብ ማደያ ጣቢያዎች ከሚታደሉት ነገሮች መካከል ወተትና ኀይል ሰጪ ብስኩት ነበሩባቸው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ወፍራሙ ሰው የሚሸሸው ብስኩት በረኃብ ጊዜ ነፍስ አዳኝ ነበር። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ኀይል ሰጪ ብለው ከሚያድሉት ብስኩት 100 ግራሙ ቢያንስ 450 ካሎሪ ሲኖረው፥ ከ10 እስከ 15 ግራም ፕሮቲንና የተጨመሩ ቪታሚኖችም አሉት። የሱቁ ብስኩትም በካሎሪ ከዚህ አያንስም፤ ልዩነቱ ከካሎሪው ጋር አብሮ በሚመጣው ነገር ነው።

ከዚሁ መከራ ሌላም ትምህርት ተገኝቷል። ክፉኛ የተራበ ሰው ድንገት በብዙ ካሎሪ ቢጠግብ ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1945 ከቤርገን ቤልሰን ምርኮኞች መካከል ነጻ ከወጡ በኋላ ያልለመዱትን ከባድ ምግብ በልተው የሞቱ ነበሩ። ዛሬ ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሆስፒታል ሲገባ በመጀመሪያ የሚሰጠው በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለውና ፕሮቲኑ ያነሰ ወተት ነው፤ ሰውነቱ ከተረጋጋ በኋላ ባለ 100 ካሎሪው ይከተላል። ስለዚህ ያው ካሎሪ ለአንዱ ዕለት መድኃኒት፥ ለሌላው ዕለት መርዝ ሊሆን ይችላል። ጊዜውና ሥርዐቱ ከቍጥሩ እኩል ይመዝናሉ።

ሦስተኛው መልስ ከስፍር የመጣ ነው። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ እንዲታሰብ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ተስማምተዋል። በአገራችን ለአንድ ሰው በወር ሲታደል የታወቀው 15 ኪሎ እህል፥ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ዘይት ነው፤ ብናሰላው በቀን ወደ 2,000 ካሎሪ ይደርሳል። ነገር ግን ከዚህ ስፍር ላይ ጥራጥሬውና ዘይቱ ቢቀሩና ካሎሪው በእህል ብቻ ቢሞላ ሒሳቡ ሳይጎድል ሰው ሊጎድል ይችላል። የዚህ ምስክር በማላዊ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሞዛምቢክ ተሰደው በቈሎ ይመገቡ ለነበሩት ሰዎች ኦቾሎኒ ሲቋረጥባቸው፥ ከ17,000 በላይ የሚሆኑት ፔላግራ በሚባለው ቆዳን በሚያቆስልና አእምሮን በሚያውክ በሽታ ተያዙ። በሶማሌ ክልላችን በሐርትሼክ የስደተኞች ሰፈርም በ1989 እ.ኤ.አ. ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ከማጣት የሚመጣው፥ ድድን የሚያደማው የስከርቪ በሽታ ታይቷል። በሁለቱም ስፍራ ሕዝቡን የጎዳው በእህሉ ላይ ያልተጨመረው ነገር ነው።

አራተኛው መልስ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው፤ እርሱም ጓያ ነው። ጓያ ድርቅንም ውሃ ያረገዘ መሬትንም የሚችል፥ በፕሮቲን የበለጸገ፥ በችግር ጊዜ ድኻውን የማይከዳ እህል ነው። በካሎሪና በፕሮቲን ሚዛን ብቻ ብንዳኘው ከምርጦቹ ተርታ ይሰለፍ ነበር። ነገር ግን ሌላው እህል ጠፍቶ ጓያ ለወራት የዘወትር ምግብ ሲሆን፥ በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ጎድቶ እግርን ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደውም አይመለስም። በ1969 ዓ.ም. በጎንደር በኩል በደምብያና በፎገራ፥ በ1990 ዓ.ም. አካባቢም ከዋግ ብዙ በማይርቀው በወሎ ደላንታና ዳውንት ይህ መቅሠፍት ብዙ ወጣቶችን ለምርኩዝ ዳርጓል። ጓያውን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል፤ ይሁን እንጂ በድርቅ ዘመን የሚቀላቀለው ሌላ እህል ከወዴት ይገኛል? ካሎሪ ሁሉ እኩል ነው የሚል ሰው ካለ በምርኩዝ የሚሄደውን የዳውንት ገበሬ ይጠይቅ።

የእናቶቻችንን ጥበብ ሳናነሣ ብናልፍ ደግሞ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የጤፍ ብረት ብዙ መሆኑ ሲነገርለት የኖረ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለና ሰውነት በቀላሉ የማይቀበለው መሆኑን ሊቃውንቱ ደርሰውበታል። በሌላ በኩል ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ብረቱን ጨብጦ የሚይዘው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፥ ሰውነት ከእንጀራው የሚያገኘው ጥቅም ይጨምራል። የባልትና ባለሙያዋ እናት ይህን በኬሚስትሪ ስም ባትጠራውም በአቡኪት ስትሠራበት ኖራለች። እንጀራን ከሽሮ፥ ቆሎን ከሽንብራ ጋር ማስማማትም የፕሮቲኑ ጉድለት እርስ በርሱ እንዲሟላ የሚያደርግ ጥንታዊ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤቱና ወደ ብስኩቱ እንመለስ። ውፍረቱን የሚቀንስ ሰው ብስኩት ሊበላ ይችላልን? እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ መምህር የሆነው ማርክ ሃውብ ለ10 ሳምንት አብዛኛውን ምግቡን ከሱቅ ኬክና ከብስኩት አድርጎ፥ መጠኑን ግን በቀን ወደ 1,800 ካሎሪ ወስኖ 12 ኪሎ ያህል ቀነሰ። ከዚህ የምንረዳው ክብደት የሚከተለው የካሎሪውን ድምር መሆኑን ነው፤ በዚህ ረገድ እሳቱ እውነቱን ተናግሯል። ይሁን እንጂ በ2019 እ.ኤ.አ. ኬቪን ሆል የተባለ ተመራማሪ 20 ሰዎችን በአንድ ስፍራ አኑሮ፥ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፥ ሁለት ሳምንት ደግሞ በወጥ ቤት የተሠራ ምግብ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ፈቀደላቸው። የቀረበላቸው ካሎሪ፥ ስኳርና ቅባት በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ነበር። ሆኖም በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ያህል ካሎሪ አብልጠው በሉ፥ ክብደታቸውም ጨመረ። እንግዲህ መምህሩ ቈጥሮ በልቷልና ቀነሰ፤ ሳይቈጥር የሚበላ ሰው ግን ብስኩቱ ራሱ አብዝቶ ያስበላዋል። ጥጋብ በካሎሪ ብቻ አይመጣም፤ ማላመጥ፥ የእህሉ ገለባና ፕሮቲኑ ሁሉ ለጥጋብ ድርሻ አላቸው። ፕሮቲንን ለመፍጨት ራሱ ሰውነት ከካሎሪው ከአምስት አንዱን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያወጣል፤ ቅባትን ለመፍጨት ግን እጅግ ጥቂት ብቻ።

ስለሆነም ብስኩትን እንደ ኀጢአት ቈጥሮ መሸሽም፥ እንደ ምግብ ቈጥሮ መዋልም ሁለቱም ከመካከለኛው መንገድ የወጡ ናቸው። አምስት ተራ ብስኩት ወደ 250 ካሎሪ ይጠጋል፤ ይህም አንድ ጐልማሳ አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ ፈጠን ብሎ ሲሄድ የሚያወጣው ነው። አንዱን ወይም ሁለቱን ከሻይ ጋር በደስታ በልቶ ከዕለቱ ድምር ውስጥ ማስገባት የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም ራሱን ፈጽሞ የከለከለ ሰው ኋላ ሳጥኑን ባዶ ሲያደርግ ይታያል። መንገደኛ አባቶቻችን በስልቻ የያዙት ዳቦ ቆሎም ቢሆን ጣፋጭ ስንቅ ነበር፤ ግን ተቈጥሮ የሚበላ፥ መንገዱም የሚያወጣው ስንቅ ነበር። የጾም ሥርዐታችንም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ የሚበላው ነገር ዓይነትና ሰዓት ተወስኖለት ሳለ ማታ በፍስክ ጊዜ ከሚበላው አብልጦ የሚበላ ሰው ጾሙን ጾመ እንጂ ውፍረቱን አልቀነሰም።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለከተሜው ምክር ለመስጠት ብቻ አይደለም። የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ የሆነችው ሰቆጣ ስሟን ለአንድ ታላቅ ውል ሰጥታለች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በተባለው ስምምነት፥ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ገባ። በ1992 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል ከመቶ 58 የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 38 ሲወርድ፥ በአማራ ክልል ግን ገና 46 ነበር። ከዚያ ወዲህ ጦርነትና ድርቅ ዋግ ኽምራን ደጋግመው መትተውታል።

መቀንጨር ማለት የግድ ካሎሪ ማጣት ብቻ አይደለም። ልጁ ሆዱ እየሞላ እንኳ ፕሮቲን፥ ቪታሚን፥ ንጹሕ ውሃና ጤና ጎድሎበት ቁመቱም የአእምሮው እድገትም ሊያንስ ይችላል። ያጠረው ቁመትና የዘገየው ትምህርት ደግሞ ኋላ በእህል ብዛት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቃል ኪዳኑ የእርሻን፥ የጤናን፥ የውሃንና የትምህርትን መሥሪያ ቤቶች በአንድነት ያሰለፈው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የርዳታ እህልን በኵንታል የሚቈጥር ሹም በኵንታሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ደግሞ ይጠይቅ፤ ጥራጥሬውና ዘይቱ ሳይደርሱ እህሉ ብቻ ደረሰ ሲባል «ስፍሩ ሞልቷል» ብሎ አይፈርም። መምህሩ ሒሳብን ሲያስተምር ቍጥር የሚነግረንንና የማይነግረንን ለተማሪዎቹ ይለይላቸው። ተማሪውም ከሱቅ የገዛውን ብስኩት ሲበላ በደስታ ይብላ፤ ነገር ግን ያው 450 ካሎሪ ለእርሱ የሻይ ማጣፈጫ፥ ለደሃናው ሕፃን ከበጎ ነገሮች ጋር ሲደርሰው የዕድሜ ልክ ቁመት መሆኑን ይወቅ። በእሳት ሚዛን ካሎሪ ሁሉ እኩል ነው፤ በሰው ሚዛን ግን እኩል ሆኖ አያውቅም።