ነፍጥ፣ ጋሻ፣ ምሕረት፦ የኦቨርዎች ቃላት ከየት መጡ

ኦቨርዎች የጦር ሜዳ ቃል ነው። አንድ ጓድ ወደ ፊት ሲራመድ ሌላው አሻግሮ ከሚያሳይ ቦታ ላይ ይቀመጥና አፈሙዙን ደግኖ ይጠብቀዋል፤ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሠራዊቶች ይህን ጥበቃ ኦቨርዎች ይሉታል። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዓመታት የደከመበትን ታይታን የተሰኘ ሥራ ትቶ ከትራፊው አዲስ የኢንተርኔት ጨዋታ ሲያበጅ ስሙን ከዚሁ ወሰደ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 2016 በ21 ጀግኖች ገበያ ላይ ዋለ፤ ሁለተኛው እትም ኦክቶበር 4 ቀን 2022 ተከተለ። አጨዋወቱ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት ቡድኖች ይገጥማሉ፤ በመጀመሪያው እትም ስድስት ለስድስት፣ በሁለተኛው መደበኛ ሥርዓት አምስት ለአምስት። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ስም፣ መሣሪያና ታሪክ ያለው ጀግና መርጦ ይገባል፤ ሲወድቅ ጥቂት ሰከንዶች ጠብቆ ይመለሳል፤ ካላዋጣውም ጀግናውን ይቀይራል። ለጀማሪ ይህን ያህል ይበቃል። የቀረውን ስሞቹ ራሳቸው ይነግሩታል።

ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውል ልጅ ሥራው ኦቨርዎች ነው። ግእዝ ለዚህ ሥራ ዐቀበ የሚል ግስ አለው፤ ጠበቀ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ ሕግ ጠባቂ፣ ዐቃቤ ሰዓት ሰዓት ጠባቂ፤ ዕቁብም በግእዝ ቅርጹ «የተጠበቀ» ነው። በእነዚሁ በዐ፣ በቀ እና በበ ዐቀበትም ይጻፋል። የቀይ ባሕሩ ወደብ ዐቀባ ስሙን ያገኘው ከዐረብኛው ዳገት ነው፣ የእኛ ዐቀበት ወንድም። ጠባቂና ዳገት በሦስት ፊደል ላይ መገናኘታቸው ደስ ይለኛል፤ በኦቨርዎች ቀድሞ የሚማሩት ነገር ከፍታ ነውና። ሰገነት ወይም ድልድይ ላይ የቆመ ተጫዋች ሜዳውን ሁሉ ያያል፣ ሲመታም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይሰወራል። ከታች ያለው ግን ጥግ ፍለጋ ይሮጣል።

ከጨዋታው ሜዳዎች አንዱ ዎችፖይንት ጂብራልታር ይባላል፤ ጎሪላው ዊንስተን ቤተ ሙከራው እዚያ ነው። ጂብራልታር ዐረብኛ ነው፦ ጀበል ጧሪቅ፣ የጧሪቅ ተራራ፣ በ711 ባሕሩን በተሻገረው በጧሪቅ ኢብን ዚያድ ስም። ግእዝ ለተራራ ያለው ቃል ደብር ነው። ገዳማት በተራራ ላይ ሲተከሉ ደብር ቤተ ክርስቲያን ሆነና ተራራነቱን አማርኛ ረሳው።

አሁን ወደ «ጨዋታ»። ከ«ጨዋ» ጋር ማዛመድ ያጓጓል፤ ፊደሉ ግን አይፈቅድም። ተጫወተ በት ያልቃል፤ ይህች ት የሥር ፊደል መሆኗን ተጫዋች ይመሰክራል፤ ከፈተ ከፋች እንደሚል ተጫወተም ት-ን ወደ ች ለውጦ ተጫዋች ይላል። ጨዋ ት የለውም። የእሱ አባት የግእዙ ፄዋ ነው፤ ፄወወ ማረከ፣ ፄዋዌ ምርኮ። ፀ እና ጸ በአማርኛ አፍ ወደ ጨ የመውረድ ልማድ አላቸው፤ ፄውም ጨው ሆኗል። ጨዋ ከምርኮ ተነሥቶ በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጦር መጠሪያ ሆነ፣ ከዚያ አልፎ ዛሬ የምግባር ስም ነው። እንዲህ ያለ ረጅም መንገድ የተጓዘ ቃል ጥቂት ነው። ሐራም ይመስለዋል፤ በግእዝ ሠራዊትም ነጻ ሰውም ነው። ለጨዋታ ግእዝ የሚለው ተዋነየ ነው፦ ተጫወተ፣ ቀለደ፤ ተውኔትና ተዋናይ ከእሱ ይወለዳሉ። ኦቨርዎችን ሳስብ ተዋነየ የተሻለ ይመጣልኛል። ጀግኖቹ የየራሳቸው ድምፅና አነጋገር አላቸው፤ ውጊያው ከመጀመሩ በፊት እርስ በርስ ያወጋሉ፣ ይወቃቀሳሉም።

ዓይነቱ የተኳሾች ጨዋታ ነው፤ በዚህ ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። ተኮሰ መጀመሪያ የእሳት ግስ ነው። ትኩስ፣ ትኩሳት፣ ልብስ ተኮሰ፣ ሁሉም ሙቀት ናቸው። የባህል ሐኪምም የጋለ ብረት አንሥቶ ሕመምተኛውን ይተኩሳል፤ ለማዳን ነው። ጠመንጃ ሲመጣ ግሱ የእሳቱን አፍ ተከትሎ ወደ ጥይት ሄደ። እንግዲህ አና አማሪን ተመልከቱ። ግብጻዊት አነጣጣሪ ናት፤ ጠመንጃዋ ጠላት ሲመታ ያቆስላል፣ ወዳጅ ሲመታ ይፈውሳል። የእንግሊዝኛው ሹተር ይህን አይሸከምም፤ የእኛ ተኳሽ ግን ሁለቱንም ችሎ ይኖራል። በአና የሚጀምር ሰው ጠላትን ብቻ እያየ ቢተኩስ ከሥራዋ ግማሹን ጥሏል።

የመሣሪያዎቹም ስሞች ሩቅ አገር ያደርሳሉ። ጠመንጃ የቱርኩ ታባንጃ ነው፤ እዚያ ሽጉጥ ማለት ነው፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ አፈሙዙ ረዘመ። ጠበንጃም ጠብመንጃም ይባላል፤ ሁለተኛው «የጠብ መንጃ» ብሎ ቃሉን ለመፍታት የሞከረ የሕዝብ ጆሮ ሥራ ነው፣ ውብ ስሕተት። ሽጉጥ ግን ንጹሕ አማርኛ ነው፣ ከሸጎጠ፤ በወገብ ተሸጉጦ የሚሄድ። በጨዋታው ሽፋን ላይ ያለችው የለንደኗ ትሬሰር ሁለት ሽጉጥ ትይዛለች፤ ዘላ ገብታ፣ አስደንግጣ፣ በዓይን ጥቅሻ የምትጠፋ ናት፤ ለእጀ ፈጣን እንጂ ለጀማሪ አልመክራትም።

ከሁሉ የምወደው ነፍጥ ነው። በዐረብኛ ነፍጥ ከመሬት የሚፈልቅ የሚነድ ዘይት ነበር፤ ሠራዊቶች በእሳት መወርወሪያ ሲጠቀሙበት፣ ኋላም ባሩድ ሲመጣ ስሙ ወደ መሣሪያው ተሻገረ፤ እኛ የተቀበልነው መሣሪያውን ነው። የቃሉ ግንድ ከዐረብኛም ይርቃል፤ አካዳውያን ናፕጡ ይሉት ነበር፣ ግሪኮች ናፍታ። ግሪኩ ወደ ጣሊያንኛ ወረደ፣ ከጣሊያንኛ ደግሞ ናፍጣ ሆኖ ወደ አማርኛ ገባ፣ ለከባድ መኪና ነዳጅ። ነፍጥና ናፍጣ አንድ ቃል ናቸው፤ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ በር ገብተው ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ቀስተኛው ሃንዞ ግን ከእሳት በፊት ያለውን ግስ ይፈልጋል፦ ነደፈ። በግእዝ ቀስት ወረወረ፣ ወጋ። አማርኛ ለንብ ሰጠው፣ ጥጥ ለሚያፍታታም ሰጠው፤ ጥጥ የሚነደፈው በደጋን ነውና ቀስቱ አሁንም አልጠፋም። የቤትና የጽሑፍ ንድፍም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ጀግና አማርኛና ኦሮምኛ የሚጋሩት ቃል ነው። ግእዝ ኀያል ይላል፣ ሥራውንም ገድል። ተጋደለ በግእዝ ታገለ፣ ተፋለመ ማለት ነው፤ ገድለ ተክለ ሃይማኖት ሲባል የጻድቁ ተጋድሎ ነው። በአማርኛ ገደለ ነፍስ ማጥፋት ሆነ። የሁለቱ ልዩነት ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ይዟል፣ ምክንያቱም ኦቨርዎች «ገደልህ» አይልም፣ ኤሊሚኔሽን ይላል። ይህ ላቲን ነው፤ ሊሜን መድረክ፣ የበር ደፍ፤ ኤሊሚናሬ ከደፍ ማስወጣት። ቁጥሩም ለአንድ ሰው ብቻ አይመዘገብም፤ ጠላቱን አስቀድሞ ያቆሰለ ሁሉ ይካፈለዋል። ለግድያ ሳይሆን ለተጋድሎ የሚሰጥ ሂሳብ ነው።

ጀግኖቹ በሦስት ሥራ ይከፈላሉ፦ ታንክ፣ ዳሜጅ፣ ሰፖርት። በአምስት ሰው ቡድን አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ናቸው።

ታንክ የሽፋን ስም ነው። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብረት ለበሱን ተሽከርካሪ ሲሠሩ ምሥጢሩ እንዳይወጣ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው አሉ፤ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 በሶም ግንባር ሲወጣም ስሙ አልተነቀለም። ቃሉ ራሱ ከሕንድ ጉጃራቲና ከፖርቱጋልኛ ታንኬ የመጣ የውኃ ቃል ነው። አማርኛ ሁለቱንም ይዟል፤ ጦር ሜዳ ላይ ታንክ፣ ጓሮ የውሃ ታንከር። በጨዋታው ታንክ የሚባለው ጥይቱን በገላው የሚቀበለው ነው። ሬይንሃርት ጀርመናዊ ነው፤ ስሙ በጥንት ጀርመንኛ ምክርና ጥንካሬ ከሚሉ ሁለት ቃላት ተገጥሟል፤ ከፊቱ ሰፊ የብርሃን ጋሻ ዘርግቶ ባልደረቦቹን ያስጠልላል። ግእዝ ጋሻን ወልታ ይለው ነበር። ጋሻ ግን የኩሽ ጎረቤቶች ቃል ነው፤ ኦሮምኛ ጋቸና፣ ሶማልኛ ጋሻን። ሶማሊያ የመከላከያ ሚኒስቴርዋን የምትጠራውም በዚሁ ጋሻን ነው። በእኛ ዘንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል መሬትም ሆኗል። ይህ ትርጉም ለጀማሪ ታንክ ይጠቅመዋል፦ ጋሻ መሬት ይይዛል። ሬይንሃርት ጠላት ሲያሳድድ ከዞረ ከኋላው ያሉት አራቱ ሜዳ ላይ ቀሩ።

ዳሜጅ ከላቲኑ ዳምኑም ነው፣ ኪሣራ። ጉዳት ከግእዙ ጐድዐ ይመጣል፣ መታ፣ ሰበረ። ተጫዋቾች ዲፒኤስ ይሉታል፣ በሰከንድ የሚደርስ ጉዳት።

ሰፖርት የሚቸግር ቃል ነው። ደጋፊ ብንለው ስታዲየም የሚጮኸው ሰው ይመጣል፤ ረዳት ብንለው የታክሲው። ረድአ በግእዝ ረዳ ነው፤ ረድእ ደቀ መዝሙር፣ ብዙው አርድእት። ከዋናው ሰው እግር የማይለይ፣ ሥራውን የሚያቃናለት። ሰፖርት ይህ ነው፣ ለእኔ ረድእ ይስማማኛል።

ከረድኦች ለጀማሪ የምትቀለው መርሲ ናት፤ ወደ ባልደረባዋ በክንፍ ትበራለች፣ በበትሯ ትፈውሳለች። መርሲ ላቲን መርኬስ ነበር፣ ደመወዝ፣ ዋጋ፤ የቤተ ክርስቲያን ላቲን የሰማይ ዋጋ አደረገው፣ ከዚያ ምሕረት ሆነ። የእኛ ምሕረት ሌላ መንገድ አለው። ምሕረ ፊደሉን ያዘዋወረ ረሐመ ነው፤ ዐረብኛ ረሕማ ይላል፣ ዕብራይስጥ ደግሞ ማሕፀንን ሬሔም። እንግሊዝኛው ምሕረት ከገበያ፣ የሴማውያኑ ከእናት ማሕፀን ጎረቤትነት መጡ። የመርሲ እውነተኛ ስም አንጄላ ነው፤ አንጌሎስ በግሪክ መልእክተኛ፣ መልአክም ከለአከ፣ ላከ። ግሪኩም ግእዙም አንድ ነገር ብለዋል።

የግጥሚያው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ጭነት ነው፤ ፔይሎድ። አንዱ ቡድን ተሽከርካሪውን ከጎኑ ሆኖ ይነዳል፣ ሌላው ያግዳል፤ የነጂው ቡድን ሰው አጠገቡ ካልቆመ ወደ ፊት አይሄድም። ጫነ የግእዝ ጸዐነ ነው፣ እንደ ጨው ወደ ጨ ወርዶ። ተጽዕኖም ከዚያው፤ አጠገብ መቆም ብቻውን ክብደት ነው። ጀማሪ ግን ጭነቱን ትቶ የሸሸ ጠላት ሲከተል ይታያል። አማርኛ ለዚህ ሁለት ቃል ሰጥቷል፣ ሁለቱም የዐረብኛው ዐለማ ልጆች፣ ምልክት ማለት ነው፦ ዒላማ አፈሙዝ የሚያየው፣ ዓላማ ቡድን የመጣበት። ጨዋታው የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት አናባቢዎች መካከል ነው።

ስለ ስሞች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የአና ልጅ ፈሪሓ ናት፣ የውጊያ ስሟ ፋራ፤ ከሰማይ ሮኬት ትወረውራለች። በዐረብኛ ፈሪሐ በሐመሩ ሐ ደስ አለው ነው። ግእዝ ፈርሀ በሃሌታው ሀ ፈራ ነው። አማርኛ ሁለቱን ሀ-ዎች ስለቀላቀለ ለጆሯችን ደስታና ፍርሃት አንድ ድምፅ ሆኑ፤ የፊደል ገበታ ላይ ግን አሁንም ይለያያሉ፣ መጠበቃቸውም ለዚህ ነው። ኑምባኒ ከተባለችው ምናባዊት የምዕራብ አፍሪካ ከተማ ደግሞ ኦሪሳ ትመጣለች፤ የ11 ዓመቷ ኤፊ ኦላዴሌ የሠራቻት ማሽን፣ በዮሩባ አማልክት መጠሪያ የተሰየመች። ተቃራኒዋ አካንዴ ኦጉንዲሙ በአባት ስሙ ኦጉንን ይዟል፣ የብረትና የጦርነት አምላክ፤ ክንዱም ብረት ነው።

የቀረው ኧልት ነው። ሙሉው አልቲሜት፣ ከላቲኑ ኡልቲሙስ፣ የመጨረሻው። እየተዋጉና እየፈወሱ የሚሞላ ታላቅ ኃይል ነው። ጀማሪን የሚያሳስት ስም ይህ አንዱ ነው፤ «የመጨረሻ» ሲሉት እስከ መጨረሻው ያስቀምጠዋል፣ በአንድ ግጥሚያ ግን ደጋግሞ ይሞላል። የመርሲ ኧልት መጀመሪያ በአቅራቢያዋ የወደቁትን ባልደረቦች ሁሉ ባንድ ጊዜ ማስነሣት ነበር፣ ትንሣኤ በቃሉ ሙሉ ትርጉም፣ ከተንሥአ። በ2017 ብሊዛርድ ይህን ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ ተራ ችሎታ አደረገውና ኧልቷን ቫልኪሪ አለው። በጥንት ኖርስ ቫልር በጦር ሜዳ የወደቁት ናቸው፣ ኪርያ መራጭ። ከዚያ ለውጥ ወዲህ መርሲ ከወደቁት መካከል አንዱን መምረጥ አለባት።