ወንጌልንና እንጀራን ያልለየ እረኛ



ሐምሌ ገፍቶ ጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን የአንድ እረኛ ስም እናነሳለን፤ ቄስ ጉዲና ቱምሳ። እኚህ አባት የተወለዱት በ1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦጂ ነው። እኛ ደግሞ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻና ደጋን የምንኖር ወሎዬዎች ነን። ታዲያ ምን አገናኘን?

ቄስ ጉዲና አስቀድመው በነርስነት የታመሙትን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ለነገረ መለኮት ትምህርት ወደ አሜሪካ የሄዱት ማርቲን ሉተር ኪንግ የጥቁሮችን የመብት ትግል በሚመራበት ዘመን ነበር። ሲመለሱ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላከች። በዚያን ጊዜ የውጭ ረጂዎች ለልማት በቀላሉ ይሰጡ ነበር፤ ለወንጌል ስርጭት ግን እጃቸው ያጥር ነበር። በቄስ ጉዲና መሪነት የተላከው ደብዳቤ ይህን ተቃወመ። ሰው አንድ ነው፤ ሥጋውና ነፍሱ አይነጣጠሉም፤ አገልግሎቱም እንዲሁ ሊከፈል አይገባም የሚል ነበር መልእክቱ።

ብዙም ሳይቆይ ያ ቃል በእኛው ምድር ተፈተነ። የ1965 እና የ66ቱ ረሃብ የወሎን ገበሬ ከቀዬው አፈናቅሎ ወደ ዋናው መንገድ አወረደው። መንግሥት ነገሩን ሸሸገ፤ ሕዝቡ በዝምታ አለቀ። ወላጆቻችን ያንን ዘመን ሲያነሱ ዛሬም ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የተራበውን ሳያበሉ «በሰላም ሂድ» ማለት ምን እንደሚጠቅም ሐዋርያው ያዕቆብ የጠየቀው ለእኛም ነው (ያዕ. 2፥15-16)።

ከዚያ ደርግ መጣ። ቄስ ጉዲና ለድሃው ፍትሕን ቢሹም፣ ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ በቀር ለማንም እንድትሰግድ አልፈቀዱም። ኦርቶዶክስና ካቶሊክን ጨምሮ አብያተ ክርስቲያናት እንዲተባበሩ ደከሙ። ታሰሩ፤ ተፈቱ። በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸውም፣ መንጋዬን በመከራ ቀን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ያጸናቸው ቃል 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15 ነበር፤ ክርስቶስ ስለ ሁሉ ከሞተ፣ በሕይወት ያለ ሰው ለራሱ ሊኖር አይችልም።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኡራኤል መካነ ኢየሱስ የእግዚአብሔርን ቃል አስተምረው ሲወጡ ተያዙ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ማቀቁ። የቄስ ጉዲና አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ወገኖች ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ሰው በምን እናክብረው? በስብከት መካከል ስሙን መጥራት ቀላል ነው። ነገር ግን በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞሉ ምን አደረግን? አንዳንዶቻችን ብርድ ልብስና ዳቦ ይዘን ሄድን። አንዳንዶቻችን ግን በራችንን ዘግተን ጸለይንላቸው፤ ያንንም በቂ ብለን ተኛን። ይህን ስንጽፍ እኛንም ያሳፍረናል።

የወሎ ወግ ለሐዘንም ለደስታም ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል። ለተራበ ጎረቤት እንጀራ ስናደርስ ሃይማኖቱን አንጠይቅም፤ የምናምነውን ጌታ ስም ከመናገርም አናፍርም። ቄስ ጉዲና ያስተማሩን ይህንኑ ነው፤ እንጀራው የወንጌል ማጥመጃ አይደለም፤ ወንጌሉም እንጀራን የመንፈጊያ ሰበብ አይደለም።

በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ደጃፍ እናንኳኳ። የታመመ ይኑር፣ ፍርድ የጎደለባት መበለት ትኑር፤ ዝም ብለን አንለፍ።

ጌታ ሆይ፣ የተራበውን አይተን ፊታችንን ያዞርንባቸውን ቀናት ይቅር በለን። የሚናገር አፍ፣ የሚዘረጋም እጅ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።