ስለ ትንንሽ ባቡሮች የሐዲድ ስፋት

ባቡር ሁሉ በአንድ ዓይነት ሐዲድ ላይ የሚሄድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ሲሆን፥ የአዲሱ 1435 ሚሊሜትር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። ይህ ችግር ለጨዋታና ለትምህርት በሚሠሩት ትንንሽ ባቡሮችም ዘንድ የኖረ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ለአንባብያን ባጭሩ ላቀርበው ወደድሁ።

በ1891 ማርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ስፋታቸው በቍጥር የተሰየመ ሐዲዶችን በላይፕሲክ የንግድ ትርኢት አቀረበ። ቍጥር አንድ የሚባለው 45 ሚሊሜትር ነው። ሰው ሁሉ ሰፊ ቤት የለውምና ባቡሮቹ እያነሱ ሄደው፥ ዜሮ የተባለው 32 ሚሊሜትር መጣ። በ1935 ማርክሊንና ትሪክስ በ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር አወጡ፤ የዜሮ እኩሌታ ያህል ስለ ሆነም በኋላ «ግማሽ ዜሮ» ተባለ። 1435 ለ87 ሲካፈል 16.5 ይሆናልና ልኩ የታመነ ነው።

እንግሊዞች ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ባቡሮቻቸው ከሌላው ኤውሮፓ ባቡሮች ያነሱ ስለ ሆኑ፥ በ87ኛ እጅ ሲሠሩ የዚያን ጊዜው ሞተር በውስጣቸው አልገባ አለ። ስለዚህ አካሉን ወደ 76ኛ እጅ አሳድገው ሐዲዱን እንደ ነበረ ተዉት። በ1938 የወጣው ሆርንቢ ደብሎ እንዲህ ያለ ነው። ሒሳቡን ብንሠራ ሐዲዱ ከእውነተኛው ልክ 18 ሴንቲሜትር ያህል ይጐድለዋል። እንዲህ ያለው ፉርጎ ከፊት ለፊት ሲታይ እግሩን ገጥሞ የቆመ ወፍራም ሰው ይመስላል!

ይህን ያልወደዱ ሠሪዎች ሐዲዱን 18 ሚሊሜትር አደረጉት፤ ሌሎችም በ1960ዎቹ ትክክለኛውን 18.83 ያዙ። ፉርጎውን ለመለወጥ መንኰራኵሮቹን አውልቆ ዘንጉ ላይ አራርቆ መትከል ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን በመንኰራኵሮቹ መካከል ያለው ርቀት በሁሉም ዘንጎች እኩል ካልሆነ፥ ሐዲዱ በሚለያይበት ስፍራ ፉርጎው ይወድቃል። የእንፋሎቱን ባቡር መለወጥ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይብሳል፤ የሚገፉት ብረቶች ሁሉ ወደ ውጭ መውጣት አለባቸውና። ከሁለት ሚሊሜትር ተኩል ለሚያንስ ልዩነት ይህን ያህል መልፋት ለእኔ ከመጠን ያለፈ ይመስለኛል።

የእኛን የቀድሞ ባቡር ለሚሠራ ተማሪ ግን ነገሩ የሁለት ሚሊሜትር ተኩል አይደለም። ከሱቅ የተገዛውን የ16.5 ሐዲድ አንድ ሜትር ነው ብንል፥ ልኩ 60ኛ እጅ ይሆናል። እንግዲህ በ87ኛ እጅ የተሠራው የለገሃር ጣቢያ ከባቡሩ ጐን የአሻንጉሊት ቤት ሊመስል ነው። በ87ኛ እጅ አንድ ሜትር 11.5 ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ሠሪዎች ለስዊስ ተራራ ባቡሮች በ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይጠቀማሉ። በ120ኛ እጅ የሚሠሩት ባቡሮችም በዚሁ በ12 የሚሄዱ ናቸውና፥ የእነርሱን መንኰራኵሮች ከነማቀፊያቸው ወስዶ በላዩ የ87ኛውን አካል መጫን ይቻላል። ይህ ዘዴ ከሁሉ የሚረክሰው ነው። የአዲሱ መሥመር ፉርጎ ግን ምንም ሳይለወጥ በ16.5 ላይ ይሄዳል፤ ሁለቱን ሐዲዶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጐን ለጐን የዘረጋ ሰው ልዩነታቸውን በጣቱ ሊለካው ይችላል።