ከሲኒማ ራስ እስከ ቅቤ ተራ

«ካውቦይ» የሚለው ቃል አዲስ አበባ የገባው ከከብት በረት ሳይሆን ከሲኒማ ቤት ነው። መርካቶ ያደጉ ታላላቆቻችን ኋላ ራስ ቴአትር በሆነው በሲኒማ ራስ ያዩትን ፊልም ሲያወጉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሽጉጡ፣ ባርኔጣው፣ ፈረሱ፣ አቧራው አንድ አይቀርም። የሚገርመው፣ ካውቦይ ማለት በእኛው አነጋገር ከብት ጠባቂ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ሁሉ ወግ ውስጥ ላም የምትባል ፍጥረት ስትነሣ ሰምቼ አላውቅም። ለነገሩ ከፊልሞቹ ብዙዎቹ ጣሊያኖች በስፔን ምድር ያነሷቸው ነበሩ። ስሟን ከጣሊያንኛ የወረሰችው መርካቶ የጣሊያን ካውቦይ ማየቷ እንግዲህ ምን ይደንቃል!

ሴቲቱስ? በፊልሙ ውስጥ በመስኮት አሻግራ የምታይ፣ ወይ የምትታገት ወይ የምትድን ቆንጆ ናት። በእውነተኛው ቴክሳስ ግን ሊዚ ጆንሰን የምትባል ሴት ነበረች። በ1840 እ.ኤ.አ. የተወለደች፣ በሙያዋ መምህርት ስትሆን ለከብት ነጋዴዎች ሂሳብ እየያዘች ንግዱን ከውስጥ አጠናችው። በ1871 በገዛ ስሟ የከብት መተኮሻ ምልክት አስመዘገበች። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ አጥር በሌለው በዚያ ሜዳ ላሚቱ የማን እንደሆነች ዋናው ምስክር በገላዋ ላይ የተተኮሰው ምልክት ነበር። በ1879 ስታገባም ንብረቷ የራሷ ሆኖ እንዲቀጥል ከባሏ ጋር ተዋዋለች፤ ከብቶቿንም በቺዝም መንገድ ወደ ሰሜን አስነዳች። ከእሷ በኋላ የመጣችው ሉሲል መልሃል በፈረስ ላይ ሆና በሬ በገመድ እየጣለች ዝና አትርፋለች። ተመልካች ያጨበጨበው ለሉሲል ነው። እኔ ግን ምርጫ ቢሰጠኝ ሊዚን እመርጣለሁ።

«እረኛ» የሚለው ቃላችን ጾታ አይለይም። በወሎም በጎጃምም ሴት ልጅ ጥጃ ትጠብቃለች፣ በረት ትጠርጋለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፤ ስታድግም ወተት ትንጣለች። ላሟ የማን ናት ከተባለ ግን የአባቷ፣ ኋላም የባሏ ናት ማለት የተለመደ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም የማላይ» የሚለውን ተረት አበው ለከንቱ ተስፈኛ ተረቱት። ለእሷ ግን ተገልብጦ ቢነገር ያምር ነበር፤ ወተቱን በየዕለቱ ታያለች፣ ትንጠዋለች፣ ላሟ ናት በሰማይ ያለችው።

መርካቶ፣ ቅቤ ተራ ብትዘልቁ ይህ ጉዳይ በአፍንጫችሁ ይገባል። ለጋው፣ መካከለኛው፣ በሳሉ ተደርድሯል። ገዢዋ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ታሸታለች፣ በመዳፏ ታሟሟለች፤ ሙዝ ወይም የፓልም ዘይት እንዳልተቀላቀለበት ትመረምራለች። «የሸኖ ነው?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ «የናጠችው ማን ናት?» የሚል ደንበኛ አላጋጠመኝም። ነገሩ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ወተት ቶሎ ይበላሻል፤ ቅቤ ይቀመጣል፣ ይጓዛል፣ ብር ይሆናል። ላም ስትሸጥ ገንዘቡ ባል ኪስ ይገባል፤ የቅቤው ገንዘብ ግን በብዙ የገጠር ቤት የሴቲቱ ነው። ጨውም፣ ቡናም፣ የልጅ ደብተርም የሚገዛው ከዚያ ነው።

ይህ ሥልጣን ጎልቶ የሚታየው ከመርካቶ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ቦረና ነው። እዚያ መንጋው በሁለት ይከፈላል። የደረቁት ላሞችና ወይፈኖቹ «ፎራ» ተብለው ከጎረምሶች ጋር ሩቅ ግጦሽ ይሄዳሉ፤ የሚታለቡት «ዋራ» ተብለው ከመንደር አካባቢ ይቀራሉ። የዋራው ወተት በሴቲቱ እጅ ነው። ስንቱ ለጥጃ እንደሚተው፣ ስንቱ ለልጅ፣ ስንቱ ለእንግዳ፣ ስንቱ ለገበያ እንደሚሆን የምትወስነው እሷ ናት። አብዝታ ካለበች ጥጃው ይሞታል፤ አሳንሳ ካለበች ልጇ ይራባል። ይህን ሂሳብ ያለ ወረቀት በየጠዋቱ ትሠራዋለች። ሊዚ ጆንሰን ብታያት የሙያ ባልደረባ ያገኘች ይመስላት ነበር።

በትር ካነሣን፣ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ስንቄ ከብት መንጃ አይደለችም። ሴቲቱ ስትበደል ስንቄዋን ይዛ ትጮኻለች፤ የመንደሩ ሴቶችም የየቤታቸውን ሥራ ጥለው ይወጣሉ። በዳዩ ክሶ እስኪታረቅ አይመለሱም። ላም ሳትታለብ፣ ጥጃ ሳይለቀቅ ሲውል ቤቱ ምን እንደሚመስል ከብት ያለው ሰው ያውቀዋል።

የተጻፈው ሕግ ዘግይቶ ነው የደረሰው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ፣ የጋራ ንብረትም አስተዳዳሪ አድርጎት ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል አደረገ፤ ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን አወጡ። ሊዚ በግል ውል ካስከበረችው መቶ ሃያ ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። ሕጉ ከጋዜጣው ወርዶ በረት ደርሷል ወይ የሚለው ሌላ ወሬ ነው።

የቦረናዋ ሴት ሥልጣን ደግሞ ከላሟ ጡት ጋር የተሳሰረ ነው። ከ2013 መግቢያ አንሥቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የቦረና መንጋ አለቀ። ሩቅ የሄደው ፎራ ምናልባት ሣር ያገኝ ይሆናል፤ ከቤት የቀረችው ላም ግን ከመሞቷ በፊት ወተቷ ይነጥፋል። ወተቱ ሲነጥፍ ቅቤው ይቀራል፤ ቅቤው ሲቀር የሴቲቱ ገንዘብ ይቀራል። ባል የሚሸጠው የተረፈ በሬ ሊኖረው ይችላል። እሷ ያላት የታጠነ ባዶ የወተት ዕቃ ነው።