ሰውና ዋሊያ የተቆጠሩበት ዓመት

በ1989 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ግርጌ ሁለት መዝገቦች ተከፈቱ። በዳባት ወረዳ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው መመዝገብ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሜክሲኮ፣ ሜሪዳ ከተማ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ደግሞ መግቢያው ደባርቅ የሆነውን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። የዋሊያ ቁጥር መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ ፓርኩን ሰንጥቆ ወደ መካነ ብርሃን የሚያልፈው መንገድ በምክንያትነት ተጠቀሱ።

ሁለቱ መዝገቦች አንድ ዓመት ይጋሩ እንጂ አመጣጣቸው ለየቅል ነው። የዳባቱ ከመንደር ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ ነው። የሜሪዳው ግን ከላይ የወረደ ነው፤ ባሕር ዳር ያሉት የክልሉ ባለሥልጣናት እንኳ ሳንጠየቅ የተወሰነ ነው ብለው ተቃውመውታል። ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ለመውጣት ሃያ ዓመት ፈጀበት። በእነዚያ ዓመታት ወረዳና ቀበሌ የተማሩት ነገር ስለ አካባቢ አስተዳደር ከተጻፉት ብዙ መመሪያዎች ይልቅ የሚያስተምር ነው፦ እየቆጠሩ፣ ከባለጉዳዩ ጋር እየመከሩ፣ የተሳሳተውን እያረሙ መሄድ።

ትእዛዝ የለመደ አገር

ሰሜን የጥንት የሹማምንት አገር ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከዚሁ ተራራ ተነሥተው እስከ ትግራይ ገዝተዋል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል ሲሆኑ፣ ካሣ በቀናት ውስጥ እዚያው ደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለዋል። ጌታ ተለወጠ እንጂ ለገበሬው የመንግሥት መልክ አልተለወጠም። መንግሥት ማለት በጭቃ ሹሙ በኩል የሚደርስ ግብርና ትእዛዝ ነበር።

ፓርኩም በዚሁ መንገድ መጣ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የዩኔስኮ ባለሙያዎችና ብሪታኒያዊው የዱር እንስሳት ተመራማሪ ሌስሊ ብራውን ዋሊያ ሊጠፋ መቃረቡን ጻፉ። ዌልሳዊው ክላይቭ ኒኮል የመጀመሪያው የፓርክ ኃላፊ ሆኖ ደባርቅ ገባ። በጥቅምት 1962 ዓ.ም. ፓርኩ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ፤ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ከላሊበላ ጋር የገባው በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቅርሶች አንዱ መሆኑ ነው።

ነገር ግን በካርታው ላይ ፓርክ የተባለው ቦታ ገብስ የሚዘራበት፣ በግና ፍየል የሚሰማራበት፣ ሰው የሚቀበርበት አገር ነበር። ገበሬው አባቱ ያረሰውን መሬት ሲያርስ አንድ ቀን ሕገ ወጥ ሆኖ አገኘው። በ1971 ዓ.ም. ደርግ ጉዳዩን በጦር ሊፈታ ሞከረ። ከተራራው ገደል በስተ ሰሜን ካሉ ሰባት መንደሮች 1,800 ያህል ሰዎች በኃይል ተነሡ። የእርስ በርስ ጦርነቱ አካባቢውን ሲያዳርሰው ደግሞ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርኩ ኃላፊም ጎብኚም አልነበረውም፤ ካምፖቹ ወደሙ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ለፓርኩ የሚቆረቆር ገበሬ መፈለግ የዋህነት ነበር። ፓርኩ ያስታወሰው በደል እንጂ ጥቅም አልነበረም።

የዳባት መዝገብ

ዳባት ላይ የነበረው ልምድ ሌላ ነው። ሥሩን ለማግኘት ወደ ደንቢያ ሜዳ መውረድ ያስፈልጋል። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ኮሌጁ ያፈራቸው ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች ለየብቻቸው አይላኩም ነበር። በቡድን ጤና ጣቢያ ገብተው፣ በቡድን ምንጭ አጎልብተው፣ ሽንት ቤት አስቆፍረው፣ እናቶችን አዋልደው ይማሩ ነበር። ያ ልማድ ኮሌጁ አድጎ በሆነው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬም አልጠፋም፤ ተማሪዎች በሙያ ሳይከፋፈሉ አንድ ላይ ወደ ወረዳ ይወጣሉ።

የ1989ኙ የዳባት ቆጠራ የዚሁ ልማድ ልጅ ነው። ለጥናቱ የተመረጡት ቀበሌዎች ደጋውንም፣ ወይና ደጋውንም፣ ቆላውንም የሚወክሉ ነበሩ። ሥራው ለዓመታት ከተቀዛቀዘ በኋላ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ እንደገና ነፍስ ዘርቶ የዳባት ምርምር ማዕከል ተባለ። መዝጋቢው እያንዳንዱን ቤት በየስድስት ወሩ ይጎበኛል፤ ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻ፣ ስደት ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ሞት ሲኖር ነው። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ለሞተ ሰው የሕክምና ወረቀት የለም። ስለዚህ መዝጋቢው የሐዘኑ ጊዜ እስኪያልፍ ጠብቆ ይመለስና ሟቹን ያስታመመውን ሰው ያነጋግራል። ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ? ሳሉ ደም ነበረው? እናትየዋ ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም ብሏት ነበር? ከዚያ ሐኪሞች መልሱን አንብበው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። እንዲህ ሲጠራቀም ስንት ሕፃን በሳንባ ምች፣ ስንቷ እናት በወሊድ እንደሞተች ይታወቃል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በግምት «ችግር አለ» ከማለት ወጥቶ የትኛው ቀበሌ ውስጥ የቱ ችግር እንዳለ መናገር የሚችለው እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖረው ነው።

ድንበሩ በእግር ሲለካ

ወደ ደባርቅ እንመለስ። በ1993 ዓ.ም. የዩኔስኮና የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ልዑካን መጥተው ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ እንዲወጣ መሟላት ያለባቸውን አራት ነጥቦች አስቀመጡ። አንደኛው መንደሮች ከፓርኩ ውጭ እንዲሆኑ ድንበሩን ማስተካከል፤ ሁለተኛው ፓርኩን ወደ መሳረሪያና ሊማሊሞ ማስፋት፤ ሦስተኛው በውስጡ የሚኖረውን ሰው ቁጥር መቀነስ፤ አራተኛው በሰፋው ግዛት ውስጥ ለዋሊያና ለቀይ ቀበሮ በቂ ጥበቃ ማድረግ ነበር። ያለፈው ትእዛዝ ዐይነት ቢመስልም ልዩነት ነበረው። የሚለካ ነገር ተቀምጦለታል፤ እንዴት ይፈጸም የሚለው ግን ለአገሬው ተትቷል።

ጊዜውም የተመቸ ነበር። በ1994 ዓ.ም. አማራ ክልልን ጨምሮ በአራት ክልሎች በጀት በቀጥታ ለወረዳ መሰጠት ጀመረ። የወረዳ ምክር ቤትና ካቢኔ ስለ መምህር፣ ስለ ጤና ጣቢያና ስለ መንገድ የመወሰን አቅም አገኙ። በኦስትሪያ መንግሥት የሚደገፍ የተቀናጀ የልማት ፕሮጀክትም ደባርቅ ላይ ይሠራ ነበር። ስለዚህ የፓርኩ ጉዳይ ከጥበቃ ሠራተኞች ወጥቶ የወረዳ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ፓርኩን የሚያዋስኑት ደባርቅ፣ ጃናሞራ፣ አዳርቃይ፣ በየዳና ጠለምት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀበሌ፣ የራሳቸው ግጦሽ፣ የራሳቸው ክርክር ነበራቸው።

አዲሱ ድንበር በወረቀት ላይ ብቻ አልተሠመረም። ባለሙያዎች ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ተደራድረው መስመሩን በእግር ሄዱበት። ለማረሻ የሚሆነውን ለገበሬው ትተው፣ ዋሊያ የሚውልበትን ገደልና አፋፍ ወደ ፓርኩ አስገቡ። መንደሮቹ ከፓርኩ ሲወጡ ፓርኩ በሌላ አቅጣጫ ሰፋ። በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 816 ድንበሩን በሕግ ሲያጸናው ስፋቱ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ገደማ ደርሷል። ፓርኩ ያደገው ሰዎችን አባርሮ ሳይሆን መስመሩን አርሞ ነው።

የዋሊያው ቆጠራም መደበኛ ሥራ ሆነ። ስካውት የሚባሉት የፓርኩ ጠባቂዎች ጎሕ ሳይቀድ በየተመደቡበት አፋፍ ይቀመጣሉ። ዋሊያ የሚሰማራው ጠዋትና ወደ ማታ ስለሆነ፣ ቀኑ ሲሞቅ ገደል ውስጥ ስለሚሸሸግ፣ ሥራው የማለዳ ነው። አንዱ መንጋ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ሁሉም በአንድ ሰዓት ይጀምራሉ፤ ጢማሙን ወንድ ከሴቷ፣ ግልገሉን ከአዋቂው ይለያሉ። ስካውቶቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ገደሉን ከብት ሲጠብቁ ያውቁታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 150 ያህል ብቻ ይሆናል የተባለው ዋሊያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ500 አለፈ።

የግጭ ዋጋ

ከሁሉ ከባዱ ግጭ ነበር። ግጭ በፓርኩ እምብርት ላይ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ የሚገኝ፣ ሙስሊም ነዋሪዎቹ ለትውልዶች ገብስ ያመረቱበት መንደር ነበር። እንደ ሌሎቹ ድንበር በመግፋት ከፓርኩ ሊያወጡት የማይቻል ነበር። ስለዚህ ድርድሩ ስለ መነሣት ሆነ። ዓመታት የወሰደ ንግግር ከተደረገ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ደባርቅ ከተማ ገቡ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ክራኮቭ፣ ፖላንድ የተቀመጠው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ ሰረዘው።

ከ1971ዱ ማፈናቀል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ቢሆንም ሥራው አበቃ ማለት አይደለም። ገበሬ ሆኖ የኖረ ሰው ካሣውን ይዞ ከተማ ሲገባ ቤት አለው፤ እርሻ ግን የለውም። ገብስና በግ ይሰጡት የነበረውን ኑሮ በንግድ ወይም በቀን ሥራ መተካት አለበት። ይህን የሚሸከመው አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት ወይም ፓሪስ ያለው ዩኔስኮ አይደለም፤ የደባርቅ ከተማ አስተዳደር ነው። ኮሚቴው ዋሊያንና ድንበርን ቆጥሮ ረክቷል። የግጭን ቤተሰብ ኑሮ በየስድስት ወሩ የሚጠይቅ መዝገብ ግን የኮሚቴው መመዘኛ ውስጥ አልነበረም። የዳባትን ልምድ ደባርቅ ሊበደረው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በደንብ የሠመረም አለ። ደባርቅ ላይ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ አከራዮች በየማኅበራቸው ተደራጅተው በተራ መሥራት ጀመሩ። ዛሬ የአንዱ በቅሎ ከተጫነ ነገ የሌላው ይሆናል። ተራው የሚያስቆጣው አንዳንዴ ቢኖርም፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ በአንድ ጉልበተኛ እጅ እንዳይቀር አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠል የዚህ ጥቅም ታየ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ እሳቱን በቅጠልና በአፈር የታገሉት የዙሪያው ነዋሪዎችና ስካውቶች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ለፓርኩ የሚቆረቆር ገበሬ ከማይገኝበት፣ እሳት ለማጥፋት ገደል የሚወርድ ገበሬ እስከሚገኝበት ድረስ የተሄደው መንገድ ይህ ነው።

መፈክርና ልማድ

በመንግሥት ቢሮዎቻችን የማሻሻያ ስም አጥተን አናውቅም። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ሥርዓት (ቢኤስሲ)፣ የዜጎች ቻርተር መጡ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሁሉም በሐሳብ ደረጃ መልካም ናቸው። ብዙ ቦታ ግን ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ቀሩ፤ ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲሄድ ማሻሻያው ወደ ቀበሌ አልተመለሰም። የዳባትና የደባርቅ ሥራ እነዚህ ስሞች ሳይመጡ የጀመረ ነው። ያዘለቀውም የሚቆጠረው ነገር ግልጽ መሆኑ፣ ቆጣሪው የአገሩን ሰው ማወቁ፣ ቁጥሩ ሲያሳፍር ዕቅዱን እንጂ ቁጥሩን አለመለወጡ ነው።

የሥልጣን መደራረብ ግን አሁንም ችግር ነው። ፓርኩ ከክልል ወደ ፌዴራል ተመልሷል። ስካውቱ ተጠሪነቱ ለአዲስ አበባ ነው። ከብቱን ፓርክ ያስገባው ገበሬ የሚከሰሰው ግን በወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ የሚመክረው የቀበሌው ሽማግሌ፣ አማራጭ ግጦሽ የሚፈልግለት የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ነው። እነዚህ ካልተነጋገሩ ስካውቱ ከጎረቤቱ ጋር ከመጣላት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ከዚህም የከፋ ፈተና መጥቷል። በሰሜኑ ጦርነት ደባርቅ ተፈናቃይ አስጠልላለች፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ዳባት ወረዳ ውስጥ ያለችው ጭና ንጹሐን ተገድለውባታል። ጎብኚ ቀረ፤ የበቅሎው ተራ ቆመ፤ የዋሊያው ቁጥርም እንደገና ማሽቆልቆሉ ተነግሯል። በሃያ ዓመት የተገነባ መተማመን በጥቂት ዓመታት ሊሸረሸር እንደሚችል እዚህ ታይቷል።

ደባርቅ ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ የራሷ ዩኒቨርሲቲም አላት። ዳባት ላይ ሰው የመቁጠር ልምድ ያለው ማዕከል አለ። ፓርኩ ደግሞ ዋሊያ የሚቆጥሩ ስካውቶች አሉት። ቀጣዩ ሥራ ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አምጥቶ፣ ከዋሊያው ቁጥር ጎን የተነሺውን ገቢ፣ የግጦሹን መጠን፣ የልጆቹን ጤና አብሮ መመዝገብ፣ ውጤቱንም በየዓመቱ ቀበሌ ድረስ ወስዶ ማንበብ ነው። ሌላ ልዑክ መጥቶ አራት ነጥብ እስኪጽፍ መጠበቅ አያስፈልግም። ወረዳዎቹ ነጥቡን ራሳቸው መጻፍ የሚችሉበት ዕውቀት እጃቸው ላይ ነው።